ባሕሩን በቃላቸው የጻፉት ጋሽ ሽፈራው

ጋሽ ሽፈራው ማረፋቸውን የነገረችኝ የድሮ የወፍጮ ቤታችን ደንበኛ ናት። ጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና፣ «አስካለ፣ እኚያ ደንቆሮው ሽማግሌ አረፉ እኮ። ትናንት ተቀበሩ» አለችኝ። ማዘን ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። «ማነው እሳቸውን ደንቆሮ ያለው?» ብዬ ልጮህባት አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። ለካ ያን ስም ያወጣሁላቸው እኔው ነኝ።

ብዙ ሰው አውቄ ብዙ ሰው ረስቻለሁ። ጋሽ ሽፈራውን ግን ልርሳቸው ብልም አልሆነልኝም። ስለምወዳቸው ብቻ አይደለም። አንድ ነገር አድርጌባቸዋለሁ፤ ያደረግሁት ደግ ይሁን ክፉ ከሃያ ዓመት በኋላም አልለየልኝም። አንዳንድ ቀን ጽድቅ ይመስለኛል፣ በማግስቱ ኃጢአት ይሆንብኛል። እንዲህ ግራ እንደገባኝ ነው የምኖረው።

ያኔ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ነበሩ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ኮልፌ፣ አቶ ሳህሌ ወፍጮ ቤት፣ እህል መዛኝ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። አቶ ሳህሌ ከደቡብ ምዕራብ በልጅነታቸው መጥተው በንግድ ያደጉ ቆፍጣና ሰው ናቸው። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ «ጩኸቱ ራሴን አዞረኝ» ብሎ ጥሎ በሄደ በሳምንቱ ጋሽ ሽፈራው መጡ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ፀሐይ ያከሰላቸው፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሰው።

«ወፍጮ ታውቃለህ?» አሏቸው አቶ ሳህሌ።

«አላውቅም ጌታዬ። ግን ጆሮዬ አይሰማም፤ ጩኸቱ ምንም አያደርገኝም።»

አቶ ሳህሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ ሥራ የጠየቀ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ፣ እዚያው ቀጠሯቸው። አቶ ሳህሌ ያን ጥያቄ የጠየቁት ድምፃቸውን ሳያነሱ እንደነበር ማናችንም ልብ አላልንም።

ጋሽ ሽፈራው ሰው ሲያናግራቸው «ጮክ በይ ልጄ» ወይም «ጮክ በል ወንድሜ» ሳይሉ መልስ አይሰጡም። እኔም ደንበኛው ጉሮሮውን እንዳይጨርስ ከሩቁ «ደንቆሮ ናቸው፣ ጮክ በሉ!» እላለሁ። ስሙ በወር ውስጥ ኮልፌን አዳረሰ። እሳቸው ብቻ አያውቁም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነበር። መስማት የተሳነው ሰው የተናጋሪውን አፍ ያያል። እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ቀበር አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው እንደሚጠራቸው ሁሉ ጸጥ ይላሉ። ከዚያ «እ? ጮክ በይ» ይላሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩ ገና እንደተነሳ እንዲሁ ጨፍነው ቆሙና፣ «አስካለ፣ ለጌታው ንገሪልኝ፤ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው» አሉኝ። መካኒክ ተጠራ። ሰውዬው ጆሮውን አስጠግቶ፣ የወፍጮውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ነካክቶ፣ «ምንም የለውም» ብሎ ሄደ። አቶ ሳህሌም «ደንቆሮ ሰምቶ እኔ ወጪ አወጣሁ» ብለው አጉረመረሙ። በሦስተኛው ቀን ኩሽኔታው ተሰባብሮ ወፍጮው ቀጥ አለ፤ ደንበኛው ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ሄደ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ እርስዎ አልሰማም አላሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«አልሰማም።»

«ታዲያ ኩሽኔታውን ማን ነገረዎት?»

«ላይ ላዩንማ እሰማለሁ ልጄ። የጠፋብኝ ታችኛው ነው።»

ታችኛው ምን እንደሆነ ብጠይቅ እጃቸውን አወናጭፈው ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ አልተኛም። ጆሯቸውን እንዲያይላቸው እየነዘነዝኩ ጤና ጣቢያ አንድ ድሬሰር ዘንድ ወሰድኳቸው። ሰውዬው ከኋላቸው ቆሞ «ስምዎ ማነው?» አላቸው፤ መለሱ። ሁለት እርምጃ ራቀና ቀስ ብሎ «ስንት ልጅ አለዎት?» አለ፤ «አንድም» አሉ። በመጨረሻ በር ላይ ደርሶ በሹክሹክታ የሆነ ነገር ሲል እኔ አልሰማሁትም፤ እሳቸው ግን «ሰዓትህ ወደ ኋላ እየቀረች ነው፤ ምቷ እኩል አይደለም» አሉት። ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኚህ ሰውዬ ሊያሾፉብኝ ነው የመጡት?» አለ። ከዚያ ስንወጣ የተደሰቱ መስሎኝ ፊታቸውን ባይ ጠቁሯል። «ይኼ ልጅ ስለ ታችኛው ምን ያውቃል» አሉ። እኔ በበኩሌ ከሁለታችን አንዳችን አብደናል ብዬ ደመደምኩ።

ነገሩን የነገሩኝ ኩሽኔታው እስኪመጣ ሥራ በፈታንበት ሰሞን ነው። ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነበር።

ጎጃም ተወልደው ዜማ ቤት ነው ያደጉት። ትምህርቱን ሳይጨርሱ እንጀራ ፍለጋ እየተንከራተቱ ምጽዋ ደረሱ። እዚያ አንድ የባሕር ነገር የሚያጠና ፈረንጅ፣ ከምጽዋ በጀልባ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ደሴት ላይ ቤት ተከራይቶ፣ ጆሮው የሠላ ሰው ይፈልግ ነበር። ብዙ ሰው ፈትኖ እሳቸውን መረጠ። በሽቦ የታሰረ፣ ዱባ የሚያህል ብረት ባሕሩ ውስጥ ይወርዳል። የሽቦው ጫፍ ከማዳመጫ ጋር ይገናኛል። የጋሽ ሽፈራው ሥራ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ሰዓት ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ለሰሙት ድምፅ ሁሉ እንደ ከፍታው ከባዶ እስከ ዘጠኝ ቁጥር እየሰጡ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው።

«ባሕር ውስጡ ዝም ያለ ይመስልሻል አይደል?» አሉኝ። «ገበያ ነው ልጄ። ዓሣው ያጉረመርማል። ጥፍር የምታክል፣ መቆንጠጫ ያላት ፍጥረት አለች፤ ከነዘመዶቿ ስትነሳ ሽንብራ ሲቆላ የሚንጣጣውን ነው የምትመስለው። መርከብ በቅርብ ሲያልፍ ዱግ ዱግ ዱግ ይላል። ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ አንድ የማይቋረጥ እምምም የሚል አለ።» መዳፋቸውን መሬቱ ላይ አስተኙ። «እሱ የባሕሩ የራሱ ትንፋሽ ነው። ታችኛው የምልሽ እሱን ነው።»

በመጀመሪያው ዓመት ለትንፋሹ የሰጡት ቁጥር ሁለት ነበር። ሲቆይ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ አራት፤ በስምንተኛው ዓመት አምስት ደረሰ። ሌላ ሰው ከወር ወር የማይለየውን እሳቸው ከዓመት ዓመት ለዩት። ለፈረንጁ «ባሕሩ ድምፁን ከፍ እያደረገ ነው» ብለው ሲነግሩት በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ይህን ሲያወሩኝ ፊታቸው የሙሽራ ፊት መሰለኝ። የዱቄት አቧራ የለበሱት ሽማግሌ ሌላ ሰው ሆኑብኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ በጋ ላይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትንፋሹ ጠፋ። ዓሣውም አለ፣ መቆንጠጫዋም አለች፤ ታችኛው የለም። ባሕር ትንፋሹ ሊጠፋ አይችልም። ስለዚህ የጠፋው የእኔ ጆሮ ነው። ትንሽ ታገልኩና ጆሮዬ ደክሟል ብዬ ሥራዬን ለቀቅሁ። ጆሮ የማይጠይቅ ሥራ ስፈልግ እናንተን አገኘሁ።»

አዘንኩላቸው። ገባኝ ብዬም ተረጋጋሁ። ምኑም አልገባኝም ነበር።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ከምጽዋ የመጣ ነጋዴ ወፍራም ፖስታ አመጣላቸው። ከፈረንጁ ነው፣ በእንግሊዝኛ። እሳቸው ቁጥሩን እንጂ ቋንቋውን አያነቡትም። እኔ ከአንድ አስተማሪ መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ በምሳ ሰዓት ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጬ፣ ቃል በቃል እየቆፈርኩ ተረጎምኩላቸው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል። የስዊዝ ቦይ በአረቦችና በእስራኤል ጦርነት ከተዘጋ ወዲህ በቀይ ባሕር ያልፉ የነበሩት ትልልቅ መርከቦች አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀምረዋል። እኛ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ከሩቅ ከሚያልፉ መርከቦች የሚመጣ ይሆናል፣ ከዓመት ዓመት የጨመረውም መርከቡ ስለበዛ ነው ብለን እንጠረጥር ነበር። እንዲያ ቢሆን ቦዩ ሲዘጋ ድምፁ በወደቀ። የእርስዎ መዝገብ ግን ቦዩ ከተዘጋ በኋላም አምስት፣ አምስት፣ አምስት ይላል። ስለዚህ ተሳስተን ነበር፤ ድምፁ የባሕሩ የራሱ ነው። ይህንንም ስምዎን ጠርተን አመስግነን በመጽሔት አሳትመናል። ጆሮዎ ከተሻለው ቦታዎ አሁንም ክፍት ነው።

እኔ ደስ ብሎኝ ቀና አልኩ። ስማቸው በፈረንጅ መጽሔት ታትሟል፣ ሥራቸውም ይጠብቃቸዋል! እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«እንደገና አንብቢው» አሉ።

አነበብኩ።

«መርከቦቹ ያሉበትን ብቻ።»

አነበብኩ። ድንገት ብድግ አሉና በሳቅ ፈነዱ። «ጆሮዬ ደህና ነበር! አስካለ፣ ጆሮዬ እኮ ደህና ነበር!» እያሉ በዱቄቱ መካከል ተሽከረከሩ። ልስቅ ስጀምር ደግሞ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በባዶ ጆንያ ሸፍነው አለቀሱ። ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲስቅና ሲያለቅስ ምን ይደረጋል? ውኃ አመጣሁላቸው፤ አልጠጡም።

በማግሥቱ ነው የተናዘዙልኝ። «መዝገቡ ሐሰት ነው» አሉ። «ታችኛው ከጠፋ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። የምሰማው ባዶ ነው፣ የምጽፈው አምስት።»

«ለምን?»

«መሪጌታዬ በስተርጅና ጆሯቸው ከዳቸው። ማሕሌት ቆመው ግን አንዲት ምልክት አይስቱም፤ በቃላቸው ነዋ። ውሸታም ያላቸው የለም፤ እንዲያውም እናደንቃቸው ነበር። እኔም ጆሮዬ ከዳኝ፣ ባሕሩን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ በቃሌ ጻፍኩት። ሰውየው በጦርነቱ ምክንያት አገሩ ገብቶ ነበር፤ መዝገቡን በፖስታ ነበር የምልክለት፤ አብሮኝ የሚያዳምጥ አልነበረም።» ከእጃቸው ላይ ዱቄቱን አራገፉ። «ድጓ አይለወጥም ልጄ። ባሕር ይለወጣል። እኔ ይህን አላሰብኩም።»

«ቦዩ መዘጋቱን አልሰሙም ነበር?»

«ምጽዋ ያልሰማ ማን አለ! መርከብ የሚሄደው ላይ ላይ ነው፣ እኔ የማዳምጠው ታችኛውን ነው ብዬ ተውኩት። ለካ ስምንት ዓመት ሙሉ የባሕሩ ትንፋሽ እያልኩ ያዳመጥኩት መርከብ ኖሯል። ባሕሩ የራሱን ድምፅ ያሰማኝ ያኔ ጸጥ ሲል ነው፤ እኔ ደግሞ ደነቆርኩ ብዬ ሸሸሁት።»

እኔ ምን መካሪ ነኝ። «ይተዉት ጋሽ ሽፈራው» አልኳቸው። «ማን ተጎዳ? ባሕር አይከስዎት። ይሂዱና ሥራዎን ይያዙ፤ ካሁን በኋላ የሰሙትን ይጻፉ።» እሳቸው ግን ተነስተው ወደ ወፍጮው ሄዱ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳ አልበሉም። በርበሬ የተፈጨበት ወፍጮ ላይ የአንዲት እናት ጤፍ ጨምረው ሰፈሩ ተንጫጫ። አቶ ሳህሌ ሊያባርሯቸው ተነስተው በስንት ልመና መለስናቸው። በአራተኛው ሳምንት ወረቀትና እስክሪብቶ ገዝተው መጡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አሉ። «እኔ ልናገር፣ አንቺ በእንግሊዝኛ ጻፊ። እንዲህ በይ፦ ዋሽቻለሁ። ከዚያ በጋ ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ነው። ቦዩ ሲዘጋ ባሕሩ ጸጥ ብሏል። መጀመሪያ የጠረጠራችሁት እውነት ነበር። ያሳተማችሁትን አርሙ። ቦታው አይገባኝም።»

ጻፍኩ። «ዋሽቻለሁ» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ጻፍኩትና አየሁት። አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ከጎኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። በእኔ እጅ ስማቸው ሊጠፋ፣ ያ የሙሽራ ፊት ያደረጋቸው ሥራ ሊዘጋባቸው ነው። ሰረዝኩት። በምትኩ በሌላ ንጹሕ ወረቀት ላይ በዚያ ሰሞን አልፎ አልፎ አሞኝ ጥቂት ቀን ሳላዳምጥ ቀርቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ የሚል ጻፍኩ። «ጨረስሽ?» አሉኝ። «ጨረስኩ» አልኩ። ከሥሩ ፈረሙበት። ፖስታ ቤት የሄዱት ራሳቸው ናቸው፤ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ጥቂት ቀን ማጉደል በማንም ላይ ይደርሳል፣ ድምዳሜያችንን አይለውጠውም፣ እንጠብቅዎታለን ይላል። ጋሽ ሽፈራው «ምን አሉ?» አሉኝ። አሁንም ማቅናት እችል ነበር። አፌ ግን፣ «ይቅር ብለንዎታል ይላሉ። ቦታውም አለ ይላሉ» አለ።

ሥራውን ይይዛሉ ብዬ ነው ያን ሁሉ ያደረግሁት። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቅርታው ይበቃኛል። ሰሚ አንድ ጊዜ ከዋሸ ማዳመጫ ሊይዝ አይገባውም» አሉና ወደ ወፍጯቸው ተመለሱ። እኔ በያዝኩት ወረቀት ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። የዋሸሁለትን ነገር ራሳቸው ጣሉት፤ የቀረው ውሸቱ ብቻ ሆነ። ሌላ ደብዳቤ በራሴ ስም ልጽፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩ። ፈራሁ። ደግሞም ደስታቸውን አየሁ። ከዚያን ቀን በኋላ «ጮክ በይ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ሞተሩ እየጮኸ ዜማቸውን ያንጎራጉሩ ጀመር፤ ምሳቸውን ጥርግ አድርገው ይበሉ ጀመር። ይህን ደስታ በየትኛው ልቤ ልንጠቅ?

ትዳር ይዤ ከኮልፌ ወጣሁ። ቦዩ ተከፈተ ሲባልም በሬዲዮ ሰማሁ። ዓመት በዓል ሲሆን ልጠይቃቸው ስሄድ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እሄዳለሁ፣ ሳልነግራቸው እመለሳለሁ። ያ መጽሔትም የሆነ አገር መደርደሪያ ላይ፣ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ዓመት ጮኸ እንዳለ ተቀምጧል። እሱን ያነበበ ሰው በእኛ ምክንያት ስለ ባሕር የተሳሳተ ነገር አውቋል። በእኛ ስል ማናችንን ማለቴ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ከጦር ኃይሎች ከዚያች ሴትዮ ጋር በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድን። ድንኳኑ ሞልቷል። የእድሩ ዳኛ ስለ ጋሽ ሽፈራው እያወሩ ነበር። «ሰው ማለት እሳቸው ናቸው» ይላሉ። «ስንቱ ጥፋቱን ይዞ መቃብር ይወርዳል። እሳቸው ግን ማንም ሳይይዛቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ባሕር ማዶ ድረስ ጽፈው ዋሽቻለሁ አሉ። ያጣመምኩትን አቃንቼ ነው የምሞተው ያሉኝ ባለፈው ሳምንት ነው። በሰላም ነው ያረፉት።»

አንዱ ጎረምሳ፣ «በእንግሊዝኛ ማን ጻፈላቸው?» አለ።

«ይህቺው አስካለ ናት እኮ፤ ራሳቸው ነግረውኛል!» አለች አብራኝ የመጣችው ሴትዮ።

ድንኳኑ ሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ዳኛው ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው አዩኝ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው ልጄ?»

«አዎ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።